ብረት እየጨመሩ ማንሳት ወይስ ባሉበት ሆኖ መግፋት፦ ጡንቻ የሚገነባው የትኛው ነው?

አጠገባችሁ ባዶ ግድግዳ ካለ አንድ ነገር ሞክሩ። ጀርባችሁን አስደግፉና ጭናችሁ ከወለሉ ጋር እኩል እስኪዘረጋ ድረስ ዝቅ በሉ፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ ግን ያለ ወንበር። ብዙም ሳይቆይ ጭናችሁ ይሞቃል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከውጭ ለሚያያችሁ ምንም አልሠራችሁም፤ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አልተንቀሳቀሳችሁም። ጡንቻችሁ ግን ኩንታል እንደተሸከመ ሰው እየለፋ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሳይንቀሳቀሱ የሚሠራ ልምምድ ሰሞኑን በየስልካችን ላይ “ያለ ጂም፣ ያለ ብረት፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ” እየተባለ ይቀርባል። የሰፈር ጂም ውስጥ ብትጠይቁ ደግሞ “ብረት ካልገፋህ ጡንቻ የሚባል ነገር የለም” ይሏችኋል። ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ አንድ አንድ ቁራጭ ይዘዋል። በመካከል የሚጎዳው ለወራት በትጋት ሠርቶ ክንዱ ላይ ምንም ለውጥ ያላየው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አውቃለሁ፤ ስንፍና ሳይሆን የተሳሳተ ማብራሪያ ነው ያደከመው።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የጡንቻን መጠን ለማሳደግ ጭነትን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ መሥራት የበለጠ አስተማማኝ መንገድ ነው። ሳይንቀሳቀሱ መግፋትም ጡንቻ ይገነባል፤ ነገር ግን በትክክል ካልተሠራ በቀላሉ ወደ ጽናት ፈተና ይለወጣል። ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱ ልምምዶች ምንድን ናቸው?

አንደኛው ጭነትን እየጨመሩ መሥራት ነው። ክብደት ታነሳላችሁ፣ ታወርዳላችሁ፤ ሰውነታችሁ ሲለምደው ትንሽ ትጨምራላችሁ። ክብደቱ ባርቤል (በሁለት እጅ የሚነሳ ረጅም ብረት)፣ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት)፣ የላስቲክ ገመድ ወይም የራስ ሰውነት ሊሆን ይችላል። ዋናው ቃል “እየጨመሩ” የሚለው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ 10 ኪሎ፣ ያንኑ 10 ጊዜ የሚያነሳ ሰው ስፖርት እየሠራ ነው፤ ጭነት እየጨመረ ግን አይደለም።

ሁለተኛው አይሶሜትሪክ ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን “እኩል ልክ” እንደ ማለት ነው። ጡንቻው ይወጠራል፣ መገጣጠሚያው ግን አይታጠፍም፣ አይዘረጋም። ይህም በሁለት መልክ ይሠራል። አንዱ ይዞ መቆየት ነው፦ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ፣ ከባድ ነገር አንጠልጥሎ መቆም። ሌላው የማይንቀሳቀስን ነገር በሙሉ ኃይል መግፋት ወይም መጎተት ነው፦ የበር መቃን፣ ግድግዳ፣ ከእግር ሥር የተረገጠ ገመድ።

ብዙዎቻችን አይሶሜትሪክን የተዋወቅነው ስሙን ሳናውቅ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ተንበርክኮ ሁለት እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ መቆየት የሚባለውን ቅጣት አስታውሱ። እጃችን ላይ ምንም አልነበረም፤ ትከሻችን ግን ይቃጠል ነበር።

ጡንቻ የሚያድገው ለምንድን ነው?

ጡንቻ የብዙ ሺህ ቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። ክሮቹ የሚታዘዙት በቡድን በቡድን ነው፤ እያንዳንዱን ቡድን አንድ ነርቭ ይመራዋል። ቡድኖቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነሱም። ሥራው ቀላል ከሆነ ትንንሾቹ ብቻ ይሠራሉ፤ ሲከብድ ትልልቆቹ ይጠራሉ።

ደቦን አስቡ። ማሳው ትንሽ ከሆነ የቤቱ ልጆች ይጨርሱታል፤ ጎረቤት የሚያስቸግር የለም። ሰብሉ ሲበዛና ቀኑ ሲመሽ ግን መንደሩ ሁሉ ይጠራል። ጠንካራዎቹ ጎረምሶች የሚመጡት ያኔ ነው። በጡንቻም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ለማደግ ከፍተኛ ዕድል ያላቸው ትልልቆቹ ክሮች የሚጠሩት ሥራው ሲከብድ ወይም ትንንሾቹ ደክመው አልችል ሲሉ ነው። የብርጭቆ ውኃ 100 ጊዜ ብታነሱ ጎረምሶቹ ከቤታቸው አይወጡም።

የተጠራው ክር በደንብ ሲወጠር፣ በውስጡ ያሉ ኬሚካዊ መልእክቶች “ፕሮቲን ጨምር” ይላሉ። በልተን ስናርፍ ክሩ ትንሽ ወፈር ይላል። ይህ ሲደጋገም የጭን ወይም የክንድ ውፍረት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ለማደግ ዋናው ነገር በቂ ክሮች በቂ ያህል መወጠራቸው ነው። እዚህ ላይ መንቀሳቀስ ግዴታ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ግድግዳ እየገፋም ቢሆን ጡንቻ በኃይል ሊወጠር ይችላል። “ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻ አይገነባም” የሚለው አባባል የሚወድቀው በዚህ ነው።

ከባድ ብረት ብቻ ነው የሚያሳድገው የሚለውም ትክክል አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት ከምትችሉት ክብደት 30 በመቶውን ይዛችሁ እስክትደክሙ ብትደጋግሙና 80 በመቶውን ይዛችሁ ጥቂት ጊዜ ብታነሱ፣ የጡንቻ መጠን ላይ የሚመጣው ለውጥ ተቀራራቢ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቅድመ ሁኔታው ቀላሉም ክብደት ቢሆን “ከዚህ በኋላ አንድ ሁለት ብቻ ነው የምችለው” እስከሚባልበት መሄድ አለበት። ለጥንካሬ ግን ከባዱ ይበልጣል።

“እየጨመሩ” የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሚሎ የተባለ ታዋቂ የግሪክ የትግል ስፖርተኛ ነበር፤ አገሩ ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ያለችው ክሮቶን ናት። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሚሎ ገና የተወለደ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ ይሄድ ነበር። ጥጃው ሲያድግ ሚሎም አብሮ ጠነከረ፤ በመጨረሻ ሙሉ በሬ ተሸከመ ይባላል። ሐሳቡን ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እንደ ዕቅድ ግን አይሠራም። ጥጃ የሚጨምረው ክብደት ከሰው ጡንቻ የማደግ ፍጥነት እጅግ ይበልጣል። ጀማሪ በየሳምንቱ ሊጨምር ይችላል፤ ዓመት የሠራ ሰው ግን በወር አንድ ሁለት ኪሎ ቢጨምር ደስ ሊለው ይገባል።

ሐሳቡን ከአፈ ታሪክ ወደ ሕክምና ያመጣው ቶማስ ዴሎርም የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ቺካጎ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ጉልበታቸውና ጭናቸው የተጎዳ ወታደሮች ተጨናንቀው ነበር። የዘመኑ ሕክምና ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ መደጋገም ነበር፤ ጡንቻቸው ግን ቶሎ አልመለስ አለ። ዴሎርም በልጅነቱ በሩማቲክ ትኩሳት ከታመመ በኋላ ብረት እያነሳ የበረታ ሰው ስለነበር፣ ለታካሚዎቹም ከባድ ክብደት ሰጣቸው። በ1945 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ውጤቱን አሳተመ።

መጀመሪያ ስሙን “ከባድ ጭነት” ብሎት ነበር። በኋላ “እየጨመረ የሚሄድ ጭነት” አለው፤ ምሥጢሩ መክበዱ ሳይሆን መጨመሩ እንደሆነ ስለተረዳ ይመስለኛል። በ1948 ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ያቀረበው አሠራር ቀላል ነው፦ 10 ጊዜ ብቻ ማንሳት የምትችሉትን ክብደት ፈልጉ፤ በመጀመሪያው ዙር ግማሹን 10 ጊዜ፣ በሁለተኛው ሦስት አራተኛውን 10 ጊዜ፣ በሦስተኛው ሙሉውን 10 ጊዜ አንሱ። ዛሬ ጂም ውስጥ “3 በ10” ሲባል የምንሰማው ከዚያ ሥራ የወረደ ነው።

“በቀን 6 ሰከንድ በቂ ነው” የሚባለውስ?

ይህም ታሪክ አለው። በ1953 ዶርትሙንድ፣ ጀርመን የሚሠሩ ሄቲንገርና ሙለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዓለምን ያስገረመ ነገር ይዘው ብቅ አሉ። ሰው ከሙሉ ኃይሉ ሁለት ሦስተኛውን ተጠቅሞ በቀን አንድ ጊዜ ለ6 ሰከንድ ብቻ ሳይንቀሳቀስ ቢገፋ፣ ጥንካሬው በሳምንት 5 በመቶ ያህል ይጨምራል አሉ። ወሬው አትላንቲክን ተሻገረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ፣ ዮርክ ከተማ የባርቤል ፋብሪካ የነበረው ቦብ ሆፍማን፣ ብረቱ ከማይንቀሳቀስ ምሰሶ ጋር የሚጋጭበትን መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። በዚያ ዘዴ የሠለጠኑ ክብደት አንሺዎች በአጭር ጊዜ ክብረ ወሰን እያሻሻሉ ሲመጡ አገሩ ሁሉ ግድግዳ መግፋት ያዘ።

በኋላ እንደታወቀው ግን አንሺዎቹ ከመሣሪያው ጎን ለጎን ጆን ዚግለር የተባለ ሐኪም የሚሰጣቸውን ስቴሮይድ የተባለ ጡንቻ የሚያሳድግ ክኒን ይወስዱ ነበር። ይህ ሲሰማ ሕዝቡ መሣሪያውን እርግፍ አድርጎ ተወው። የሚያሳዝነው፣ ከክኒኑ ጋር ዘዴውም ራሱ አብሮ መጣሉ ነው። 5 በመቶ የሚለው ቁጥር በሌሎች ጥናቶች በዚያ ፍጥነት አልተደገመም፤ ሳይንቀሳቀሱ መግፋት ጥንካሬ ይጨምራል የሚለው መሠረተ ሐሳብ ግን በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ዛሬም አንድ ጡንቻማ ሰው ቪዲዮ ላይ ቀርቦ “በዚህ መሣሪያ ነው” ሲላችሁ ያንን ዘመን አስታውሱ።

ታዲያ ለጡንቻ መጠን የቱ ይበልጣል?

ልፋቱ እኩል ከሆነ ልዩነቱ ብዙ ሰው ከሚያስበው ያንሳል። በ1987 እንግሊዝ ውስጥ ታትሞ የወጣ ጥናት ሰዎችን ለ12 ሳምንት በተለያየ መንገድ አሠርቶ ጭናቸውን ለካ፤ ሳይንቀሳቀስ የሠራውም፣ ክብደት ያነሳውም፣ ክብደት ያወረደውም እግር ጡንቻው በ5 በመቶ አካባቢ አደገ።

ይህ ከሆነ ለምን ብረቱን አስቀደምኩ? ሦስት ምክንያት አለኝ፤ ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል።

አንደኛው ማዕዘን ነው። ክንዳችሁን በ90 ዲግሪ አጥፋችሁ ብቻ ብትሠሩ፣ የምታገኙት ጥንካሬ በአብዛኛው በዚያው ማዕዘንና ወዲያ ወዲህ በ15 ወይም 20 ዲግሪ ዙሪያ ይወሰናል። እጃችሁ ተዘርግቶ ከመሬት ዕቃ ስታነሱ ያ ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ አብሯችሁ አይገኝም። ክብደት እያነሳ የሚያወርድ ሰው ግን መንገዱን በሙሉ ይሸፍናል።

ሁለተኛው የጡንቻው ርዝመት ነው። ጡንቻ ተለጥጦ ባለበት ሁኔታ ሲወጠር፣ አጥሮ ካለበት ይልቅ የማደግ ምልክቱ ይበረታል። አይሶሜትሪክ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በ2019 ተሰብስበው ሲገመገሙም ጡንቻው በተለጠጠበት ቦታ መሥራት የተሻለ ዕድገት አሳይቷል። ብረት ስታወርዱ ይህን ቦታ ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ። ሳትንቀሳቀሱ ስትሠሩ ግን ቦታውን ራሳችሁ መምረጥ አለባችሁ፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚመርጠው የሚመቸውን፣ ጡንቻው ያጠረበትን ነው።

ሦስተኛው መለካት ነው። 20 ኪሎ ሰኞም 20 ኪሎ ነው፣ ዓርብም 20 ኪሎ ነው። ባለፈው ሳምንት 8 ጊዜ ያነሳችሁትን ዛሬ 10 ጊዜ ካነሳችሁ መጨመራችሁን አውቃችኋል፤ ክርክር የለውም። ግድግዳ ስትገፉ ግን ግድግዳው ቁጥር አይነግራችሁም። ሲደክማችሁ፣ እንቅልፍ ሲያጣችሁ፣ ሐሳብ ሲበዛባችሁ ከሙሉ ኃይላችሁ 50 በመቶውን እየሰጣችሁ 80 የሰጣችሁ ይመስላችኋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የኃይል መለኪያ መሣሪያ አለ፤ መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ግን የለም። በእኔ ግምት ለወራት ሠርተው ለውጥ ያጡ ሰዎችን የሚያስቀራቸው ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ፕላንክን 5 ደቂቃ መያዝ ጡንቻ ይገነባል?

እምብዛም። 5 ደቂቃ መያዝ የቻላችሁት ጭነቱ ለእናንተ ቀላል ስለሆነ ነው። ወደ ደቦው ስንመለስ፣ የቤቱ ልጆች ተራ በተራ እየሠሩ ነው፤ ጎረምሶቹ አልተጠሩም። የሚያድገው ጽናት ነው። ጽናትም ጥሩ ነው፤ የፈለጋችሁት ያ ካልሆነ ግን ጊዜያችሁ አለቀ።

ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻ ለመገንባት የሚመከረው ከሙሉ ኃይል 70 እስከ 75 በመቶ በሚሆን ጥረት፣ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 30 ሰከንድ መወጠር ነው፤ በአንድ ቀን ልምምድ ለአንድ ጡንቻ ድምሩ ከ80 እስከ 150 ሰከንድ ይደርሳል። አስተውሉ፣ ጊዜው አጭር ነው፣ ጥረቱ ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ አንድ ደቂቃ ሲቀላችሁ ወደ ሁለት ደቂቃ አትሂዱ፤ አንድ እግር አንሱ፣ ወይም ጭናችሁ ላይ ክብደት አስቀምጡ። እንዲህ ስታደርጉ አይሶሜትሪክም “እየጨመሩ መሥራት” ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን እንደ ተቃራኒ ማየት የማልወደው ለዚህ ነው።

ጂም የለኝም፣ ብረትም የለኝም። ምን ላድርግ?

ቤታችሁ ውስጥ ቢጫ ጄሪካን አለ? አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ከባዶ እስከ 20 ኪሎ፣ በፈለጋችሁት መጠን የሚስተካከል ክብደት ማለት ነው። እኔ የጀመርኩት በዚህ ነው። በአንድ ሊትር የዘይት ጠርሙስ እየለካሁ ውኃ እጨምርና በየሊትሩ በጥቁር ማርከር ጎኑ ላይ መስመር አሰምር ነበር። 8ኛው መስመር ላይ ጀመርኩ። ወገቤን ቀጥ፣ ጉልበቴን እጥፍ አድርጌ፣ አንድ እጄን አልጋ ላይ ደግፌ፣ በሌላው እጄ ጄሪካኑን ወደ ጎድኔ እጎትት ነበር፤ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። በሦስቱም ዙር 12 ጊዜ ስደርስ አንድ ሊትር እጨምርና ወደ 8 እመለሳለሁ። ክዳኑ በደንብ መጠበቁን ማየት አትርሱ፤ ግማሽ የሆነ ጄሪካን ውኃው ስለሚዋዥቅ እጅን ያወዛውዛል፣ መጀመሪያ ላይ ቀስ ማለት ነው።

ያንኑ ጄሪካን ደረት ላይ አቅፎ ስኳት (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሳት) መሥራት ይቻላል። ለፑሽ አፕ ደግሞ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ መጽሐፍ ወይም የጤፍ ዱቄት መጨመር። በየሰፈሩ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቧንቧ ብረት አያይዘው የሚሠሩትም ባርቤል ባርቤል ነው፤ ጡንቻ ብረቱ ከየት እንደተገዛ አያውቅም። ክብደቱን ግን አስመዝኑትና በቀለም ጻፉበት።

ለአንድ ጡንቻ በሳምንት 10 ዙር ያህል፣ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ተከፍሎ፣ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ጀማሪ ከዚያ ባነሰም ያድጋል።

ሳይንቀሳቀሱ መሥራት የሚበልጥበት ቦታ የለም?

አለ፤ እዚህ ላይ ብረቱ ወደ ኋላ ይላል።

እግሬ ተሰብሮ ከጄሶ የወጣሁ ጊዜ ጭኔን ሳየው የሌላ ሰው መሰለኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር ብለካው ከጤነኛው በ4 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ጉልበቴን ማጠፍ ስለማልችል ስኳት የሚታሰብ አልነበረም። ፊዚዮቴራፒስቷ ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር አስገባችና “ፎጣውን ወደ አልጋው ጨፍልቀው፤ 5 ቁጠር፤ ልቀቀው” አለችኝ። መጀመሪያ ጭኔ ጨርሶ አልታዘዘኝም፤ ላብ እስኪያጠምቀኝ ገፍቼ ጡንቻው ትንሽ ብቻ ርግብ አለ። በሦስተኛው ቀን ከቆዳው ሥር ጠንከር ሲል በጣቴ ዳሰስኩት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። መገጣጠሚያ በማይታጠፍበትና ማንቀሳቀስ በተከለከለበት ወቅት፣ ሳይንቀሳቀሱ መወጠር ዋናው በር ነው።

የጉልበት ጅማት ሕመም ያለባቸው ስፖርተኞችም እስከ 45 ሰከንድ በሚደርስ አይሶሜትሪክ ሕመማቸው ለጊዜው እንደቀነሰላቸው የሚያሳይ ጥናት በ2015 ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ግን ሁሉም ሰው ላይ እንደማይሠራ አሳይተዋል። የሚያማችሁ ሰዎች፣ ሞክሩት፤ ካባሰባችሁ አቁሙት።

ትልቁ ዜና ግን የደም ግፊት ነው። በ2023 ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ስፖርትስ ሜዲስን ላይ የወጣ ግምገማ 15,827 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 270 ጥናቶች አንድ ላይ አየ። ሁሉም የስፖርት ዓይነት የዕረፍት ጊዜ ደም ግፊትን ቀንሷል። ከሁሉ በላይ የቀነሰው አይሶሜትሪክ ነበር፦ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ8.24፣ የታችኛውን በ4። ክብደት ማንሳት የላይኛውን በ4.55፣ እንደ ሩጫና ፈጣን እርምጃ ያሉት በ4.49 ቀንሰዋል። ከአይሶሜትሪክ ዓይነቶች ደግሞ በጣም የሠራው መግቢያዬ ላይ ያስሞከርኳችሁ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ነው። የተለመደው አሠራር 2 ደቂቃ መያዝ፣ ማረፍ፣ ይህን 4 ጊዜ መደጋገም፣ በሳምንት 3 ቀን ነው። እዚህ ጥረቱ መካከለኛ፣ ጊዜው ረዘም ያለ መሆኑን ልብ በሉ፤ ለጡንቻ መጠን ካልነው ጋር አይምታታባችሁ።

ማስጠንቀቂያም አለው። ልምምዱ እየተሠራ ባለበት ሰዓት ግፊት ይወጣል፤ ትንፋሽ ከተያዘ ደግሞ በጣም ይወጣል። ይህ በብረትም ያው ነው፤ በ1985 ልምድ ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ልኬት፣ ትንፋሻቸውን ይዘው በሁለት እግር ከባድ ብረት ሲገፉ ግፊታቸው በአማካይ 320 በ250 ደርሶ ነበር። ስለዚህ እየተነፈሳችሁ ሥሩ። ግፊታችሁ በመድኃኒት ያልተስተካከለ፣ የልብ ሕመም ያለባችሁ ወይም ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። “ግድግዳ መደገፍ ጀምሬያለሁ” ብሎ የግፊት ክኒን ማቆም ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ስህተት ነው።

ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አልረፈደብኝም?

በ1990 ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት ከባድ የእግር ልምምድ ጀመሩ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 ነበር። ሙከራውን በጨረሱት 9 ሰዎች የእግር ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት በ9 በመቶ አደገ። ይህን ሳነብ ስለ እናቴ አስቤያለሁ፤ ከዝቅተኛ ዱካ ለመነሳት እጇን ጉልበቷ ላይ የምትደግፈዋ እናቴ።

ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከጡንቻችን ከ3 እስከ 8 በመቶው ይጠፋል፤ ከ60 በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂዎች ሁሉ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ እንዲሠሩ ይመክራል። ለትልልቅ ሰዎች ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሲቀል እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ወንበር። እዚህም “እየጨመሩ” የሚለው አልቀረም። ሴቶች “እንደ ወንድ ጡንቻ ያወጣብኛል” ብለው የሚፈሩትም አይደርስም፤ ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በሴቶች ውስጥ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ያን ያህል ጡንቻ ሳይታሰብ አይመጣም።

በጾም ወቅትስ ጡንቻ ይገነባል?

ይገነባል፤ ሰሃኑ ላይ ያለው ከታሰበበት። ብረት ለሚሠራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ እንደሆነ ይታመናል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 96 ግራም ማለት ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም፣ ሽምብራ ወደ 20፣ ለውዝ ወደ 25፣ አኩሪ አተር ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አላቸው። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ የሽምብራ ቆሎና ለውዝ ከእንጀራ ጋር ተደምረው ሩቅ ያደርሳሉ። ችግሩ የሚመጣው እንጀራው በዝቶ ወጡ ሲያንስ ነው። እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ፣ ከባዱን ልምምድ ከመብላታችሁ ጥቂት ቀደም ብላችሁ ወይም ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ብታደርጉት ይቀላችኋል።

ውጤቱን መቼ ነው የማየው?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው በአብዛኛው ጥንካሬ ነው፤ መጠን አይደለም። አእምሮና ነርቭ ጡንቻን መጥራት እየተማሩ ነው፤ ደቦ ጠሪው የጎረቤቶቹን በር እያወቀ ነው። ብዙ ሰው “ክብደቱን ጨመርኩ፣ ክንዴ ግን ያው ነው” ብሎ የሚያቆመው በዚህ ጊዜ ነው። በዓይን የሚታይ ለውጥ ለመጠበቅ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጡት።

መስተዋት አትመኑ፤ ጠዋት ከተነሳችሁ በኋላ፣ ስፖርት ከመሥራታችሁ በፊት፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ጭን ከሆነ ከጉልበት ሎሚ የላይኛው ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ቆጥራችሁ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ፤ ሁልጊዜ እዚያው ነጥብ ላይ። በየ4 ሳምንቱ አንዴ ይበቃል። ከጎኑ በዚያ ቀን ስንት ሊትር፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ዙር እንዳነሳችሁ ጻፉ። የእኔ ጭን ያንን 4 ሳንቲ ሜትር ለመመለስ ሰባት ወር ፈጅቶበታል፤ የመጀመሪያውን ወር ፎጣ ብቻ እየጨፈለቅኩ፣ ቀሪውን በጄሪካኑ።